የባሕሩን ሥር ማን ዐወቀው? ስለ ዳህላክ ጠላቂዎችና ስለ ቀይ ባሕር ምርምር የቀረበ አጭር ጥናት

፩. መግቢያ

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈሮች የምንኖር ተማሪዎች ቤታችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። «ከባሕር ጠለል በላይ» የሚለውን አነጋገር ከልጅነታችን ጀምሮ በጂኦግራፊ ትምህርት እንደጋግመዋለን፤ ነገር ግን ከዚያ ጠለል በታች ምን እንዳለ የሚጠይቅ በመካከላችን ጥቂት ነው። ስለ ባሕር ሥር ሕይወት ወሬ ሲነሣ አሳባችን ወዲያው ወደ ሩቅ አገር፥ ወደ ታሂቲና ወደ ሌሎቹ የፖሊኔዥያ ደሴቶች ይሄዳል። የአየር ጋን በጀርባው ተሸክሞ በኮራል መካከል የሚዋኝ ሰው በፊልም የምናየው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነውና። ከቦሌ ወደ ጅቡቲ የሚበር ሰው ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከባሕር ዳር ይደርሳል፤ በዚያው አቅጣጫ ያለው ቀይ ባሕርም ከፖሊኔዥያ ጋር በብዙ ነገር የሚመሳሰል ኮራል፥ ብዙ የጋራ ዓሦች፥ እንዲያውም ያንኑ የዕንቁ ዛጎል የያዘ መሆኑን የምናስታውሰው ግን በጥቂቱ ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። የቀይ ባሕርን ሥር፥ ይልቁንም በምጽዋ ፊት ለፊት የሚገኙትን የዳህላክ ደሴቶች ውኃ፥ አስቀድሞ ያወቀው ማን ነው? ይህን ያወቀውስ ሰው ስሙ በታሪክ ላይ እንዴት ተመዘገበ? እኛ የደረስንበት አሳብ፥ አስቀድሞ ያወቀው ያለ አንዳች መሣሪያ የሚጠልቀው የባሕር ዳር ሰው መሆኑ፥ መጽሐፍ የመዘገበው ግን ከእርሱ በኋላ የመጣውን መሆኑ ነው። የደጋው ሰው ደግሞ የባሕሩን ፍሬ በእጁ ይዞ፥ ስለ ባሕሩ ሳይጠይቅ ብዙ ዘመን ኖረ።

ዳህላክ ከመቶ የሚበልጡ ደሴቶች ያሉበት ሥፍራ ሲሆን፥ ሰው የሚኖርባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ደሴቶቹ በኢትዮጵያ ካርታ ውስጥ ኖሩ፤ ኤርትራ በ1993 ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ደግሞ የኤርትራ ግዛት ናቸው። እዚህ የምንመረምረው የዕውቀትን ታሪክ ስለ ሆነ የድንበሩን ነገር ለሌላ ጽሑፍ እንተወዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፪. ጥንታዊው ምስክር

ከምጽዋ በስተ ደቡብ፥ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ አብዱር በተባለ ሥፍራ፥ 125,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው የኮራል ዐለት ውስጥ ሰው የጠረባቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ይህ ግኝት በ2000 በታተመ ጊዜ፥ የሰው ልጅ ከባሕር ዳር ምግቡን መፈለጉን ከሚያመለክቱት ጥንታውያን ምስክሮች እንደ አንዱ ተቈጥሯል። እንግዲህ በዚህ ባሕር ዳር ሰውና ባሕር የተዋወቁት ከጽሑፍ ታሪክ እጅግ አስቀድሞ ነው።

ወደ ጽሑፍ ዘመን ስንመጣ ደግሞ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በግሪክኛ የተጻፈውን የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ እናገኛለን። ጸሐፊው ስለ አዱሊስ ወደብ ሲናገር፥ ከወደቡ ፊት ለፊት አሸዋማ ደሴቶች መኖራቸውን፥ ከእነርሱም ዓሣ በል የተባሉት ሰዎች የባሕር ኤሊ ልብስ ወደ ገበያው ያመጡ እንደ ነበር ይገልጻል። ሊቃውንት እነዚህን ደሴቶች ዳህላክ ናቸው ይላሉ። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። ወደቡ ስም አለው፤ ዕቃውም ስም አለው፤ ዕቃውን ከባሕር ያወጣው ሰው ግን በሚበላው ምግብ ብቻ ተጠራ። ይህ አመዘጋገብ ከዚያ በኋላ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ያልተለወጠ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

የደጋው ሊቅ በበኩሉ የባሕርን ፍሬ በመጽሐፍ ያውቀው ነበር። ክብረ ነገሥት ከአዳም ጀምሮ በትውልድ ሲተላለፍ ስለ ኖረው ዕንቁ ይናገራል። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስም የእንስሳትንና የድንጋዮችን ጠባይ ለመንፈሳዊ ትምህርት ምሳሌ ያደርጋል። በእነዚህ መጻሕፍት ዕንቁ የንጽሕናና የምሥጢር ምልክት ነው፤ ዕንቁውን ለማውጣት ትንፋሹን ውጦ ወደ ጥልቁ የሚወርደው ሰው ግን አይታይም። በአነጋገራችንም ቢሆን የደጋ ሰው ጣናን «ባሕር» ብሎ የሚጠራ፥ ከተማውንም ባሕር ዳር ያለ ነው። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንደሚባለው፥ ታላቁን ባሕር ለማያይ ሰው ሐይቁ ባሕር ሆኖለት ኖረ።

፫. ዕንቁና ጠላቂው

ዳህላክ በዕንቁና በሰደፍ የታወቀ ሥፍራ ነበር። ዕንቁን የሚያስገኘው ዛጎል በሳይንስ ስሙ ፒንክታዳ ማርጋሪቲፌራ ይባላል። የውስጥ ጠርዙ የጠቈረ በመሆኑ ከሌሎቹ ይለያል። ከቀይ ባሕር ጀምሮ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል አልፎ እስከ ፖሊኔዥያ ድረስ ይገኛል። ስለዚህ የዳህላክ ጠላቂና በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለው የቱአሞቱ ደሴቶች ጠላቂ፥ አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ፥ አንድ ዓይነት ዛጎል ሲለቅሙ ኖረዋል።

የሥራው አኳኋን እንደሚከተለው ነበር። ሰዎቹ ሳምቡክ በሚባለው የሸራ ጀልባ ወደ ዕንቁው ሥፍራ ከደረሱ በኋላ ሁሪ በተባሉ ትናንሽ ታንኳዎች ይበተናሉ። ከታንኳው ላይ ሆነው፥ ከበታቹ መስተዋት የተገጠመለትን ቆርቆሮ ውኃው ላይ ደፍተው የባሕሩን ሥር ይመለከታሉ፤ ዛጎሉን ሲያዩ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠልቃሉ። ዛጎሉን ከዐለቱ አላቅቀው ይወጡና ጥቂት ዐርፈው እንደ ገና ይጠልቃሉ። ይህን ለማድረግ የነፋሱን ወራት፥ የማዕበሉን መውጣትና መውረድ፥ የሻርኩን ጠባይና የዐለቱን አቀማመጥ ለይቶ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ ትምህርት የሚተላለፈው ከአባት ወደ ልጅ፥ ከታላቅ ወደ ታናሽ በአፍ ነው።

የሥራው ትርፍ ግን ለጠላቂው የሚደርሰው በጥቂቱ ነበር። ነጋዴው ለጀልባው አለቃ ለናኩዳው ገንዘብ ያበድራል፤ ናኩዳው ደግሞ ለጠላቂው ያበድራል፤ ጠላቂው የወራት ድካሙን አስረክቦ ብዙ ጊዜ ባለ ዕዳ ሆኖ ይመለሳል። ከጠላቂዎቹ መካከል በባርነት ተይዘው የሚሠሩም ነበሩ። በምጽዋ የነበሩ የሕንድ ነጋዴዎች ዕንቁውን ሰብስበው ወደ ቦምቤይ ይልኩት ነበር፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ ገበያ ይደርሳል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ የቀይ ባሕር የዕንቁ ንግድ በሰፊው ጽፏል፤ መጽሐፉም ለብዙ አውሮፓውያን የዳህላክን ስም ያስተዋወቀ ሆነ።

የዚህ ሥራ መጨረሻ የመጣው ከሩቅ አገር ነው። ሚኪሞቶ የተባለው ጃፓናዊ በ1893 ሰው በእጁ ባዘጋጀው ዛጎል ውስጥ ዕንቁ እንዲበቅል አደረገ፤ በ1920ዎቹም እንዲህ የተገኘው ክብ ዕንቁ በዓለም ገበያ ተሠራጨ። ወዲያው ደግሞ የ1929 የዓለም የገንዘብ ችግር ተከተለ። የባሕር ዕንቁ ዋጋ ወደቀ፤ ጠላቂዎቹም ወደ ሌላ ሥራ ተበተኑ። በፖሊኔዥያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚያው ጥቁር ጠርዝ ባለው ዛጎል ዕንቁ ማብቀል ተጀምሮ ለደሴቶቹ አዲስ ኑሮ ሲሆን፥ በዳህላክ ግን የቀድሞው ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ትዝታነት ተለወጠ።

፬. የሊቃውንት መምጣት

በ1541 ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች ይዞ በምጽዋ በኩል ለኢትዮጵያ ንጉሥ ርዳታ መምጣቱን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በዚያው የመርከብ ጉዞ ውስጥ ዡአዎ ደ ካስትሮ የተባለ ሌላ ሰው እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይነገርም። ካስትሮ የቀይ ባሕርን ዳርቻ እየለካ ሲጽፍ፥ ባሕሩ ስለ ምን ቀይ እንደ ተባለ ለመመርመር ፈልጎ ጠላቂዎችን ወደ ውኃው ሥር ሰደደ። እነርሱም እንደ ቅርንጫፍ የተሠራ የኮራል ድንጋይ አወጡለት፤ በዚህም ምክንያት ውኃው በአንዳንድ ሥፍራ የሚቀላው ከሥሩ ባለው ድንጋይ የተነሣ ነው ብሎ አሰበ። እንደምናየው በጽሑፍ ከቀሩልን የዚህ ባሕር ምርምሮች በአንዱ የሊቁ ስም ሲታወቅ፥ ወደ ጥልቁ ወርደው ማስረጃውን ያመጡት ሰዎች ስም አልተጻፈም።

ከዚህ በኋላ በ1760ዎቹ የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ አገር ከላካቸው ሊቃውንት መካከል ፒተር ፎርስኮል ይገኝበታል። ይህ ሰው በባሕሩ በዐረብ በኩል ባለው ዳርቻ ከዓሣ አጥማጆች ዓሦችን እየተቀበለ፥ ቆዳቸውን እንደ ተክል ቅጠል በወረቀት ላይ እያደረቀ ሰበሰበ። በ1763 ገና ወጣት ሳለ በየመን ታሞ ሞተ፤ ሥራውንም ባልንጀራው ኒቡር በ1775 አሳተመው። በፎርስኮል ሥራ ውስጥ ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹን ዓሦች ሲሰይም አጥማጆቹ በዐረብኛ የሚጠሯቸውን ስም ሳይለውጥ ተቀብሎታል። ቦሀር፥ ሐራክ፥ ሉቲ የሚባሉት ስሞች በዚህ መንገድ ወደ ሳይንስ ገቡ። እነዚህ ዓሦች በቀይ ባሕር ብቻ የሚኖሩ አይደሉም። ሐራክ እስከ ሳሞአ፥ ቦሀር እስከ ማርኬሳስ ደሴቶች፥ ሉቲ እስከ ፒትኬርን ይደርሳሉ። ስለዚህ ዛሬ በፖሊኔዥያ የሚጠልቅ የሳይንስ ሰው ያየውን ቀይ ዓሣ «ሉትጃኑስ ቦሀር» ብሎ በመዝገቡ ሲጽፍ፥ ሳያውቀው የቀይ ባሕር ዓሣ አጥማጅን ቃል እየደገመ ነው። ሰውዬው ተረስቷል፤ ቃሉ ግን ግማሽ ዓለም ዞሯል።

ቀጥሎ ጀርመናውያኑ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ መጡ። ሄምፕሪክ በ1825 በምጽዋ በትኩሳት ሞተ፤ ኤረንበርግ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራል ጻፈ። ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ በ1831 በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ጎንደር ደረሰ። ከ1835 ጀምሮ ባሳተመው ስለ አቢሲኒያ እንስሳት በሚናገረው ሥራው፥ የደጋውን አራዊትና የቀይ ባሕርን ዓሦች በአንድነት አቅርቧቸዋል። የደጋውና የባሕሩ ፍጥረት በአንድ መጽሐፍ ተጠርዞ የታየው በእንግዳ እጅ መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

፭. የአየር ጋን ዘመን

በሚያዝያ 1941 እንግሊዞች ምጽዋን ከመያዛቸው በፊት ጣልያኖች ብዙ መርከቦችንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችን በወደቡ ውስጥ አሰጠሙ። በ1942 አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኰንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ከጠላቂዎችና ከሠራተኞች ጋር መጥቶ፥ በምጽዋ ኃይለኛ ሙቀት ውስጥ የሰጠሙትን መጠገኛዎች በታመቀ አየር ኃይል እያነሣ ወደቡን እንደ ገና ለሥራ አበቃ። ታሪኩንም በ1946 በመጽሐፍ አወጣው። በዚያ ጊዜ የነበረው ጠላቂ የብረት ቆብና ከባድ ልብስ የሚለብስ፥ አየሩንም በረጅም ቱቦ ከላይ የሚቀበል ነበር።

በ1943 ኩስቶና ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን፥ ጠላቂው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ እንደ ልቡ እንዲዋኝ የሚያስችለውን መሣሪያ ሠሩ። ከዚህ በኋላ ቀይ ባሕር የዚህ አዲስ ጥበብ መፈተኛ ሆነ። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ በ1949 እና በ1950 በሱዳን ዳርቻ ጠለቀ፤ የኩስቶ መርከብ ካሊፕሶ ከ1951 ጀምሮ ወደ ቀይ ባሕር መጣች። በ1952 እና በ1953 ደግሞ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራው የኢጣልያ የባሕር ጠላቂዎች ቡድን በዳህላክ ሰነበተ። ከዚያ ጉዞ ፎልኮ ኲሊቺ ያዘጋጀው «ስድስተኛው አህጉር» የተባለው ባለ ቀለም ፊልም በ1954 ወጣ። እንግዲህ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በተቀላቀለችበት ዓመት የዳህላክ ኮራልና ዓሣ በኢጣልያ ካሜራ እየተነሣ ነበር ማለት ነው።

በ1962 እና በ1965 የእስራኤል የሳይንስ ቡድን በዳህላክ፥ በእንተደቢር ደሴት ላይ ሰፍሮ የባሕሩን እንስሳትና ዕፅዋት ሰበሰበ፤ ውጤቱም በተከታታይ ጽሑፎች ታተመ። የዳህላክ ውኃ ጥልቀቱ አነስተኛ፥ ሙቀቱ ግን በበጋቸው ወራት ከ30 ዲግሪ የሚያልፍ ነው፤ ደቃቅ የባሕር ምግብም ስለሚበዛበት በሰሜኑ ክፍል እንዳለው ውኃ ጥርት ያለ አይደለም። በቀይ ባሕር በጠቅላላው ከ1,000 የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ ከዐሥሩ አንድ ያህሉም በሌላ ባሕር አይገኙም። ነገር ግን ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በኖክራ ደሴት የሶቪየት ባሕር ኃይል ሰፈር በመቋቋሙና ጦርነቱም በመበርታቱ፥ ለሰላማዊ ምርምር በሩ ተዘጋ።

፮. ከፍታና ጥልቀት

እኛ በደጋ የምንኖረው ሰዎች ከጠላቂው ጋር የሚያገናኘን አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ጠላቂው በየ10 ሜትሩ ሲወርድ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመርበታል፤ ከሚተነፍሰውም አየር ናይትሮጂን ወደ ደሙና ወደ ሥጋው ይገባል። በዝግታ ሲወጣ ናይትሮጂኑ በትንፋሹ ይወጣል። ቸኩሎ ከወጣ ግን ጠርሙሱ ሲከፈት ለስላሳ መጠጥ እንደሚፈላ ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ ያማል፥ ሰውነትን ያሰንፋል፥ ይገድላልም። በቦሌ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ጠልቆ በዚያው ቀን ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ከባሕሩ ወጥቶ ሳለ እንደ ገና ይወጣል ማለት ነው። ከምጽዋ ወደ አሥመራ በመኪና የሚወጣም ይኸው አደጋ አለበት። የጠላቂዎችን ጤና የሚከታተሉ ሐኪሞች፥ አንድ ጊዜ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት ሳይቈይ በአውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመክራሉ። ወደ ቦሌ የሚመለስ ጠላቂ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም ከፍታው ላይ ስለሚቈይ ይህን ምክር በእጥፍ ሊያስብበት ይገባል።

ይህን በሽታ በተመለከተ ከቱአሞቱ ደሴቶች የተገኘ ትምህርት አለ። በዚያ ያሉት ዕንቁ ለቃሚዎች ያለ አየር ጋን፥ በትንፋሻቸው ብቻ በቀን ብዙ ጊዜ ከ30 ሜትር በላይ ይጠልቁ ነበር። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፥ ይሽመደመዳሉ፥ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ደሴተኞቹ ይህን በሽታ «ታራቫና» ይሉታል። በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲያጠኑ፥ በማንጋሬቫ ደሴት ያሉት ጠላቂዎች ከአንዱ ጥልቀት እስከ ሌላው 12 ደቂቃና ከዚያ በላይ ስለሚያርፉ በሽታው እንደማይነካቸው ተረዱ። ያ የዕረፍት ልማድ ከሐኪም ትእዛዝ አልመጣም፤ የጠላቂዎቹ የራሳቸው ዕውቀት ነበር። ዛሬ ታራቫና የሚለው ቃል በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ አንድ ሰው ጠላቂዎቹን ጠይቆ የሚሉትን ስለ ጻፈ ነው።

፯. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከተው የባሕሩ ሥር ዕውቀት በሁለት እጅ የተሠራ ነው፤ አንዱ የሚጠልቅ፥ ሁለተኛው የሚጽፍ። የጻፈው ስሙ ቀረለት፤ የጠለቀው ግን፥ ዕድል ሲያጋጥመው፥ ቃሉ ብቻ ቀረለት። የደጋው ሰውስ ከባሕሩ ምን ነበረው? እኛ ከጨው ሌላ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። የደንከል ሸለቆ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር፤ የባሕሩ መግቢያ ተዘግቶ ውኃው ሲደርቅ ጨው ቀረ፤ በሸለቆው ጠርዝም ከባሕር ጠለል በታች ሳይቀር የሞተ ኮራል ዛሬ ይታያል። ያ ጨው በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ እየወጣ አሞሌ ተብሎ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ገንዘብ ሆኖ አገለገለ። አያቶቻችን ባሕር የለንም ሲሉ፥ የደረቀውን ባሕር በእጃቸው እየቈጠሩ ይገበያዩ ነበር።

እንግዲህ ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ተቋቁሞ በምጽዋ ይሠራ በነበረው በቀድሞው ባሕር ኃይል ያገለገሉ፥ በወደቡ የኖሩና ከዳህላክ ሰዎች ጋር የተዋወቁ አዛውንት በአዲስ አበባ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስለ ጀልባው፥ ስለ ነፋሱ፥ ስለ ዓሣው ስምና ስለ ጠላቂዎቹ የሚያውቁትን ቀርቦ መጠየቅና በቃላቸው እንዳለ መጻፍ መርከብም የአየር ጋንም አይጠይቅም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ውኃን መለካት የሚወድ ተማሪም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1968 በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሊቃውንት ከከተማችን በስተ ደቡብ ምሥራቅ በቢሾፍቱ ያሉትን አምስት ሐይቆች ጥልቀት ለክተው አሳትመዋል፤ ከእነርሱም የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ነው።

የፎርስኮል ዓሣ አጥማጅ «ቦሀር» ባይል፥ ፎርስኮልም ሰምቶ ባይጽፍ፥ ዛሬ ያ ዓሣ በሌላ ስም ይጠራ ነበር። የሚሉ ሰዎች ገና በመካከላችን አሉ። የሚሰማና የሚጽፍ እንዳይታጣ አደራ እንላለን።